በነቀምቴና በወለጋ ስለሚጎበኙ ነገሮች

ሰው የሩቅ አገር ዜና እየሰማ በደጁ ያለውን ባያውቅ ዕውቀቱ ጎደሎ ነው። በወለጋ የሚጎበኘው ነገር ከሦስት ይከፈላል፤ እርሱም ታሪክ፥ ትምህርትና ፍጥረት ነው።

አንደኛ ታሪክ፤ በነቀምቴ የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ይገኛል። አባታቸው ሞረዳ በከሬ ለምኒልክ በሰላም ስለ ገበሩ ግዛታቸው ጸናላቸው። በሆሮ ጉዱሩም እምባቦ አለ፤ በዚያ በ1874 ዓ.ም. ሸዋና ጎጃም ተዋግተው የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተማረኩ።

ሁለተኛ ትምህርት፤ በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው ነጻ የወጡት ኦነሲሞስ ነሲብ፥ አስቴር ጋኖ እየረዳቻቸው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሱ፤ በ1891 ዓ.ም. ታተመ። ኋላም በነቀምቴ ሲያስተምሩ ኖረው በ1923 ዓ.ም. ዐረፉ። በከተማው ያለው የወለጋ ሙዚየምም የኦሮሞን ሕዝብ የጥንት ዕቃና ልብስ ያሳያል።

ሦስተኛ ፍጥረት፤ የዴዴሳ ወንዝ ምድሩን አቋርጦ ወደ ዓባይ ይገባል። በቄለም ባለው በዳቲ ወለል ፓርክ ጎሽና ጉማሬ ይታያሉ።

ስለዚህ መምህራን ልጆችን እየመሩ ያሳዩ፤ ሽማግሌዎች የሚያውቁትን ይንገሩ፤ ልጆችም ይጻፉት። ቤት ቢፈርስ ዳግመኛ ይሠራል፤ የሽማግሌ ቃል ግን ሳይጻፍ ከተቀበረ የሚመልሰው የለም።