«ሐሳቡ እንዴት መጣልህ?»፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች የቴክኖሎጂ ሥራ ስለሚጀምሩ ሰዎች

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ለክፍል ሥራ ያቀረብኩት አንድ ፊቸር ጥሩ ማርክ አስገኝቶልኝ ነበር። ጽሑፉ ስለ ሁለት የቡራዩ ልጆች ነው። ሱሉልታ ላም የሚያረቡ ሰዎችን ከአዲስ አበባ ቤተሰቦች ጋር በሞባይል አፕሊኬሽን የሚያገናኝ ሥራ ጀምረዋል። ርዕሱን እስካሁን አልረሳሁትም፤ «ወተት በአንድ ንክኪ» የሚል ነበር። መምህራችን ለክፍሉ አነበቡት፣ እኔም ኮራሁ። በአምስተኛው ወር ሥራው ተዘጋ።

ከሁለቱ አንዱ የሰፈሬ ልጅ ነው። ከተዘጋ በኋላ ከታ መንገድ ላይ ተገናኘንና «ምን ሆናችሁ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ሦስት ሰዓት ሙሉ ስትጠይቀኝ ወተቱ በምን እንደሚጓዝ አልጠየቅከኝም እኮ» አለኝ። ቤት ገብቼ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። እውነቱን ነው። የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ሐሳቡ እንዴት መጣልህ?» ይላል፣ የመጨረሻው «ለወጣቶች ምን ትመክራለህ?» ነው። በመካከል ያሉትም የነዚህ የሁለቱ ዘመዶች ናቸው።

ይህ ጽሑፍ ያንን ፊቸር ለማረም የተጻፈ ነው ማለት ይቻላል። ስታርትአፕ የምንለውን ጀማሪ የቴክኖሎጂ ድርጅት የሚያኖረውም የሚገድለውም፣ እኔ እንዳየሁት፣ እኛ ጋዜጠኞች ለመጠየቅ የሚሰለቸን ነገር ነው፦ መንገዱ፣ ታርጋው፣ ደረሰኙ፣ ጾሙ፣ ስልክ የሚያነሳው ሰው። ልጁ ስሙን እንዳልጠቅስ ጠይቆኛል፤ ሌላውን ሁሉ ግን ጻፍ ብሎኛል።

ከመንገዱ እንጀምር። በካርታ ሲታዩ ቡራዩና ሱሉልታ ጎረቤት ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከሰበታና ከሌሎችም ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በታክሲ ለሚሄድ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከቡራዩ ተነስቶ አስኮን፣ ዊንጌትን፣ አዲሱ ገበያን ማለፍ፣ ከዚያም የእንጦጦን ዳገት ወጥቶ መውረድ አለበት። ከኦሮሚያ ወደ ኦሮሚያ ለመሄድ አዲስ አበባን ማቋረጥ ማለት ነው። ልጆቹ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ገዙ። ገንዘቡ ከእናቱ ነው፤ የዕቁብ ዕጣ ቀድሞ ወጥቶላቸው ስለነበር አንስተው ሰጡት። ሞተሩ የኦሮሚያ ታርጋ ነበረው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ታግዶ፣ ኋላ የተፈቀደው ተመዝግበው ፈቃድ ላገኙት ብቻ ነው። ይህን ያወቁት ሞተሩ አዲሱ ገበያ ላይ ከተያዘ በኋላ ነው። «እንዴ፣ ቀድማችሁ አትጠይቁም ነበር?» አልኩት። «ኮዱን እየጻፍን ነበራ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ወተቱ በሚኒባስ ሆነ። በጀሪካን። ረዳቱ ጀሪካኑን እንደ ተሳፋሪ ቆጥሮ ነው የሚያስከፍለው፤ ሁለት ጀሪካን ሁለት ሰው ነው። እንግዲህ «በአንድ ንክኪ» ብዬ የጻፍኩት ወተት በየማለዳው በሁለት ታክሲ፣ በሁለት ልጆች ትከሻ ነበር የሚመጣው።

አፕሊኬሽኑን ለመሥራት ሰባት ወር ፈጅቶባቸዋል። ጥሩ አፕ ነበር፣ ስልኬ ላይ ጭኜው አይቻለሁ። ሱሉልታ ያሉት ላም ያላቸው እናቶች ግን አንድ ቀን እንኳ ከፍተውት አያውቁም። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይደውሉና «ልጄ፣ ዛሬ ትወስዱታላችሁ ወይስ ልናጥ?» ይላሉ። የአዲስ አበባ ደንበኞችም ቢሆኑ አንዴ በአፕ ካዘዙ በኋላ ቁጥሩን ይዘው በስልክ ነው የሚቀጥሉት። ሁለት ሦስት ካፌዎች በብዛት ሊወስዱ ፈልገው ደረሰኝ ጠየቁ፤ ልጆቹ ገና ንግድ ፈቃድ ለማውጣት የቢሮ ኪራይ ውል እያፈላለጉ ነበርና ካፌዎቹ ሄዱ።

የዶላሩም ነገር አለ። አፑ የሚቀመጥበት ሰርቨር የሚከፈለው በዶላር ነው፣ በወር 20 ዶላር። በብር የሚሠራው የባንክ ካርዳቸው ውጭ አገር ስለማይከፍል አሜሪካ ያለች አክስት ትከፍልላቸውና እነሱ ለእናቷ ብር ይሰጣሉ። ሲያቅዱ የባንክ ምንዛሪው 57 ብር ግድም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሥራው ሳይጀመር አንዱ ወጪ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። እሱ ግን «ይሄ አልገደለንም» ይላል። የገደላቸው ሌላ ነው።

የገደላቸው ዐቢይ ጾም ነው። የኮምፒውተር ዕቅዳቸውን አሳይቶኛል፤ የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያ ልክ እንደ ጥር ሽያጭ ተሞልቶላቸዋል። በ2017 ዓ.ም. ጾሙ የገባው የካቲት 17 ቀን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለ55 ቀን፣ ከጥቂት ሙስሊም ደንበኞቻቸው በቀር፣ ያዘዘ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ላም ደግሞ አትጾምም። ከላሞቹ ባለቤቶች ጋር የተስማሙት በየቀኑ 60 ሊትር ሊወስዱ ነበር። ቃል ነውና ለሁለት ሳምንት ያህል እየወሰዱ ከፈሉ፤ ወተቱን ለጎረቤት አደሉ፣ የቀረውን ደፉ። አንዲት የሱሉልታ እናት አዝነው «ልጆቼ፣ እኛ እኮ በጾም እንንጣለን፤ ቅቤውን ለፋሲካ እናስቀምጣለን። ለምን ሳትጠይቁን?» አሏቸው። ሁለቱም ልጆች ጿሚዎች ናቸው። ራሳቸው በማይጠጡበት ወር ሌላው ይጠጣል ብለው ማቀዳቸውን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር፣ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ያቺን ዕቅድ በኅዳር አሳይቶኝ ነበር። እኔም ጿሚ ነኝ። አይቼ «በመጪዎቹ ወራት ገቢያቸውን በሦስት እጥፍ ለማሳደግ አቅደዋል» ብዬ ጽፌያለሁ።

ከዚህ በኋላ ስማቸው የታወቀ መሥራቾችን ታሪክ መልሼ ማንበብ ጀመርኩ፤ በሌላ ዓይን ማለቴ ነው። ለምሳሌ የራይድ መሥራች ሳምራዊት ፍቅሩ አሉ። አሰላ የተወለዱ፣ ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀሙት በ17 ዓመታቸው የሆነ፣ ማታ ከሥራ ሲወጡ የታክሲው ዋጋና የመንገዱ ሥጋት ሐሳቡን እንደሰጣቸው ሁላችንም ሰምተናል። እኔ ሳላስተውል ያለፍኩት ቀጥሎ ያለውን ነው። ድርጅታቸው ሀይብሪድ ዲዛይንስ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን አገልግሎቱ የተጀመረው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። አፕሊኬሽኑ ከመጣም በኋላ 8294 የሚባል የጥሪ ማዕከል ነበረው። ስማርት ስልክ የሌለው ሰው፣ ወይም ኖሮት ኢንተርኔት የማይሞላ ሰው፣ ደውሎ መኪና ያገኛል። ቁም ነገሩ የተቀመጠው እዚያች አራት አኃዝ ላይ ይመስለኛል። የኛ ልጆች አፑን ለመሥራት ሰባት ወር ከመቀመጥ ይልቅ ለአንድ ወር ስልክ ቢያነሱ ኖሮ ስለ ጾሙ የሚነግራቸው ሰው ባልጠፋ ነበር።

ሌላው ፈለግ ፀጋዬ ነው። አሜሪካ የተወለደ፣ እዚያም በማዕከላዊ ባንኩ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ዴሊቨር አዲስን፣ ከሬስቶራንት ምግብ በኢንተርኔት የሚታዘዝበትን አገልግሎት መሠረተ። እንዲህ ላለው ሥራ ኢንተርኔት ማለት የሱቁ በር ነው፣ በሩ ደግሞ በባለቤቱ እጅ አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል መቋረጡን የዚያን ጊዜ ተማሪ የነበርን ሁሉ እናስታውሳለን። ሦስት ሳምንት የተዘጋ ሱቅ ኪራይም ደመወዝም አይቀርለትም። እኔ ግን እስካሁን የሠራናቸውን የክፍል ቃለ መጠይቆች ሳስብ «ኔትወርክ በጠፋበት ሳምንት ደመወዝ በምን ከፈላችሁ?» ብሎ የጠየቀ አላስታውስም።

ሱሉልታ ላይ ደግሞ ብዙዎቻችን የማናስተውለው አንድ የቴክኖሎጂ መሥራች አሻራ አለ። በጎጃም መንገድ ሲኬድ፣ 2,700 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ፣ ያያ ቪሌጅ የሚባል የሯጮች መለማመጃና ሆቴል ይገኛል። ከመሥራቾቹ አንዱ ጆሴፍ ክቡር ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1997 ቫንኩቨር፣ ካናዳ ውስጥ ኔትኔሽን የተባለ፣ ድረ ገጾችን በኪራይ የሚያስቀምጥ ኩባንያ መሥርቶ፣ ኩባንያው ናስዳክ በሚባለው የአክሲዮን ገበያ እስከ መመዝገብ ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ሆስትዌይ ለተባለ ድርጅት ተሸጠ። ወደ አገሩ ሲመለስ ሱሉልታ ላይ የተከለው መሮጫና ሆቴል ነው። ለዚህ የሩጫ ፍቅሩ ምክንያት ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ የቴሌኮም አገልግሎት የአንድ መንግሥታዊ ድርጅት ብቻ እንደነበረ፣ ሁለተኛው ኦፕሬተር ሳፋሪኮም ሥራ የጀመረው በ2015 ዓ.ም. እንደሆነ፣ ቴሌብርም የመጣው ግንቦት 2013 ዓ.ም. እንደሆነ ሳስብ፣ ቫንኩቨር ላይ የበቀለውን ሥራ ሱሉልታ ላይ መትከል ምን ያህል ከባድ ይሆን እንደነበር ይታየኛል። አንድ ዓይነት ጭንቅላት፣ ሁለት ዓይነት መሬት።

አሁን መሬቱ ጥቂት ተለውጧል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተጀምሯል፣ ቡራዩ ውስጥም የተሰጥኦ ልማት ተቋም ተሠርቷል። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የስታርትአፕ አዋጅ ጸድቋል። የኛዎቹ ከዘጉ በኋላ መሆኑ ነው። ኮድ የሚጽፍ ሰው ይበዛል፤ የወተቱን ጀሪካን ማን እንደሚሸከም ግን ሥልጠናው ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ለዚህ ጽሑፍ ስል ሰበታ ሄጄ አንዲት ሴት አነጋግሬያለሁ። ከአየር ጤና በአለም ገና በኩል ነው የሚኬደው። ሱቋ ውስጥ ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ የስልክ ጥገና አለ። ከኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ደግሞ ለግል ትምህርት ቤቶች የተማሪ ውጤትና የክፍያ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ትሠራለች። ካርዱ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይወጣል፤ ሁለቱንም የሚፈልጉ ወላጆች ስላሉ ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚጫነው። አራት ዓመት ሆናት። «ሐሳቡ እንዴት መጣልሽ?» የምትለዋ ጥያቄ ምላሴ ላይ ደርሳ መለስኳትና «በየወሩ ስንት ይወጣል? ከየት ይገኛል?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ያለ ማቋረጥ አወራችኝ። ትምህርት ቤቶች ገንዘብ የሚኖራቸው በመስከረምና በጥር ነው፤ በክረምት ማንም አይከፍልም። ስለዚህ ውሉን በነሐሴ አትፈርምም። የኪራዩን የምታወጣው ፎቶ ኮፒው ነው። «ሶፍትዌሩን የሚያበላው ፎቶ ኮፒው ነው፤ እሱ ሲበላሽ ሁለቱም ጦም ያድራሉ» አለችኝ። ስታርትአፕ ነሽ ወይ ስላት ሳቀች። ውድድር ገብታ እንደማታውቅ፣ ሽልማትም እንዳላገኘች፣ ጋዜጠኛ ሲመጣባትም የመጀመሪያዬ መሆኔን ነገረችኝ። በመሃል አንድ ርዕሰ መምህር ደወሉ፣ ካርድ ማተሚያው ወረቀት ነክሷል። ጃኬቷን አንስታ ወጣች፤ ቃለ መጠይቁም እዚያ ላይ ቆመ።

ይህን ጽሑፍ ከማስረከቤ በፊት ለሰፈሬ ልጅ አስነበብኩት። አንድ ቦታ ብቻ አረመኝ፤ የሞተሩን ገንዘብ «እናቱ ሰጡት» ብዬ ነበር የጻፍኩት። «የዕቁብ ነው በል፣ ዕጣው ወጣ እንጂ ክፍያው አላለቀም» አለኝ። እሱ አሁን አስኮ አንድ የኮምፒውተር መለዋወጫ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል፤ በየሳምንቱ እሑድ የዕቁቡን ክፍያ ለእናቱ የሚሰጠው ከዚያ ደመወዝ ነው። ሰባት ሳምንት ይቀረዋል።