የኪስ ሰንጢ ማጠፊያ ብሎን፦ ከማላላታችሁ በፊት መርምሩ

ታጣፊ ሰንጢ ባትሪም ሶፍትዌርም የለውም። የሚስተካከል ነገር ግን አለው፤ እሱም ስለቱን ከእጀታው ጋር የሚያገናኘው የማጠፊያ ብሎን ነው። እኔ ኦሮራ ውስጥ ካርቶን ለመክፈትና የኬብል ማሰሪያ ለመቁረጥ በየቀኑ ሰንጢ እጠቀማለሁ። ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ «ስለቱ አልከፈት ሲለኝ ብሎኑን ላላላው?» እያሉ ነው። መልሴ አጭር ነው፦ መጀመሪያ ምክንያቱን ለዩ፣ ከዚያ ካቻቪቴ አንሡ።

ነገሩ ለምን ያስጨንቃል?

ከዴንቨር በስተ ምዕራብ፣ ጎልደን ከተማ የሚገኘው ስፓይደርኮ በ1981 እ.ኤ.አ. «ወርከር» የተባለውን ሰንጢ አወጣ። ስለቱ ላይ ክብ ቀዳዳ ስላለው በአንድ እጅ፣ በአውራ ጣት ብቻ ይከፈታል። በሁለት እጅ ሲከፈት የማይታወቅ ጥብቀት፣ በአንድ ጣት ሲከፈት ወዲያው ይሰማል።

ውስጡ ምን አለ?

ከስለቱ ግራና ቀኝ ቀጫጭን ሮንዴላዎች ወይም ጥቃቅን ኩሽኔታዎች አሉ። ብሎኑ ሲጠብቅ የእጀታው ሁለት ጎኖች እነሱን ስለቱ ላይ ይጫኗቸዋል፤ ሰበቃው ይጨምራል። ሲላላ ክፍተት ይፈጠርና ስለቱ ይወዛወዛል። ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ነው። ለምሳሌ መደበኛ ኤም3 ብሎን በአንድ ሙሉ ዙር የሚጓዘው 0.5 ሚሊሜትር ነው፤ በአንድ ስምንተኛ ዙር 0.06 ሚሊሜትር ገደማ፣ ማለትም ከአንድ ተራ ወረቀት ውፍረት ያነሰ።

ምርመራ

ስለቱን ከፍታችሁ ቆልፉት። በጀርባው በኩል ይዛችሁ በቀስታ ነቅንቁት።

1. ጎን ለጎን ከተወዛወዘ፦ ብሎኑ ላልቷል፤ ጥቂት ይጥበቅ።
2. ወደ ላይና ወደ ታች ከተንቀሳቀሰ፦ ችግሩ ያለው መቆለፊያው ወይም የስለቱ ማቆሚያ ላይ ነው። ብሎን ማጥበቅ አያድነውም፤ ለባለሙያ አሳዩት።
3. ሲከፈት እንደ አሸዋ የሚንኳኳ ስሜት ካለው፦ ቆሻሻ ገብቷል። በአልኮል አጽድታችሁ፣ ሲደርቅ አንድ ጠብታ ዘይት ጨምሩ። ብሎኑን አትንኩ።
4. ንጹሕ ሆኖም ከከበደ፦ ያኔ ብሎኑ ጠብቋል።

ማስተካከል

ብዙዎቹ ብሎኖች ባለ ስድስት ጥርስ ኮከብ ራስ ናቸው። ልኩ በትክክል የሚገጥም መፍቻ ተጠቀሙ፤ ያልገጠመ ጥርሱን ይበላዋል። ኮድ ስታርሙ አንድ ነገር ብቻ ቀይራችሁ እንደምትፈትኑት፣ እዚህም ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ብቻ አዙራችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ፣ ነቅንቁ። ጣታችሁን ግን ከስለቱ መንገድ አርቁ፤ ከተላላ በኋላ ሳይታሰብ ይወርዳል።

ብሎኑ በራሱ እየላላ ካስቸገረ፣ ጥርሱን አጽድታችሁ ሰማያዊውን፣ የሚፈታውን ዓይነት የብሎን ማጣበቂያ በጣም ጥቂት ቀቡና 24 ሰዓት አቆዩት። ወደ ሮንዴላው ከፈሰሰ ስለቱን ያጣብቀዋል።

አንድ ነገር ያዙ፦ የላላ ብሎንም ስለቱን ለስላሳ ያስመስለዋል። ብዙዎች ሰንጢውን ወዝወዝ ሲያደርጉት ስለቱ ከወደቀ «ጥሩ ነው» ይላሉ። ነገር ግን የሚወዛወዝ ስለት ኃይል ሲያርፍበት ወደ ጎን ይሄዳል፤ መቆለፊያውም በቦታው ላይያዝ ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ አይነቃነቅ፣ ቀጥሎ ይለስልስ።