ሕዋስን ማወቅ ለምን ይጠቅማል?

በሥልጠና ላይ ያላችሁ በጎ ፈቃደኞች ይህን ጥያቄ ደጋግማችሁ ታነሳላችሁ። መልሱን በወባ እንመልከት።

ሕዋስ ምንድን ነው?
ሰውነታችን የተገነባበት፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ ትንሽ ክፍል ነው።
1. ሽፋን፦ የሚገባውንና የሚወጣውን ይቆጣጠራል።
2. ሳይቶፕላዝም፦ የሕዋሱ ሥራ የሚከናወንበት ነው።
3. ኒውክለስ፦ ሥራውን ይመራል። ቀይ የደም ሕዋስ ግን ኒውክለስ የለውም፤ ኦክስጅን እያመላለሰ 120 ቀናት ያህል ይኖራል።

ወባ ምን ያደርጋል?
ተውሳኩ በትንኝ ንክሻ ገብቶ መጀመሪያ በጉበት ሕዋሳት ውስጥ ይባዛል። ከዚያ ወደ ቀይ የደም ሕዋሳት ይገባል፤ ተባዝቶም ያፈነዳቸዋል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚለን በዚህ ጊዜ ነው። ብዙ ሕዋሳት ሲፈነዱ የደም ማነስ ይከተላል፤ በሕፃናትና በነፍሰ ጡሮች ላይ ይብሳል።

በጅቡቲስ?
እ.ኤ.አ. በ2012 አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ በጅቡቲ ከተማ ተገኘች። በዚያ ዓመት በአገሪቱ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 27 ነበር፤ በ2020 ከ73,000 በላይ ሆነ። ይህች ትንኝ በከተማ መካከል፣ በቤታችን የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች።

ምን እናድርግ?
• በርሜሉን ይክደኑ፤ በየሳምንቱ ፈትገው ይጠቡ።
• ትኩሳት ሲሰማዎ በዚያው ቀን ይመርመሩ። በፈጣን መመርመሪያ የማይታይ ወባ በጅቡቲ አለና፣ ትኩሳቱ ካልለቀቀዎ ተመልሰው በማይክሮስኮፕ ይመርመሩ።
• ቢሻልዎም መድኃኒቱን ይጨርሱ። በደም ሕዋሳት ውስጥ የቀሩ ተውሳኮች እንደገና ይባዛሉ።