በምትሠሪበት ቤት ጉድፍ ሲገባ

እህቴ፣ የምትሠሪበት ቤት ልጅ ትኩሳት ይዞት ከትምህርት ቤት ተመለሰ እንበል። በማግስቱ ደረቱና ጀርባው ላይ ውሃ የቋጠሩ ትናንሽ ሽፍታዎች ወጡበት። ማዳም «አንገዝ ነው፣ ቀላል ነው፣ አንቺ ያዢው» አለችሽ። አንገዝ ማለት የእኛ ጉድፍ ነው። ሐኪሞቹ «ጁደሪ ማኢ» ይሉታል። «ጁደሪ» ፈንጣጣ ማለትም ስለሆነ ስትሰሚው አትደንግጪ፤ ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱ በ1980 (እ.ኤ.አ.) ታውጇል።

ጉድፍ ለልጅ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው፤ ማዳም አልተሳሳተችም። ለአዋቂ ግን ይከብዳል፤ የሳንባ ምች ሊያመጣም ይችላል። ስለዚህ ልጁን ከመያዝሽ በፊት ራስሽን ጠይቂ፦ እኔ ጉድፍ ወጥቶብኝ ያውቃል?

ወጥቶብሽ የማያውቅ ከሆነ

አንዴ የወጣበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ድጋሚ አይዘውም። እርግጠኛ ካልሆንሽ አገር ቤት ደውለሽ እናትሽን ወይም ያሳደገሽን ሰው ጠይቂ። የኩፍኝ ክትባት ከጉድፍ አይከላከልም። የጉድፍ ክትባት ደግሞ በአገራችን መደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ የለም።

ካልወጣብሽ ለማዳም እንዲህ በያት፦ «ማ ጃኒ አልአንገዝ ገብል» (ከዚህ በፊት ጉድፍ ይዞኝ አያውቅም)። ልጁን ከዚህ በፊት የወጣበት ሰው ቢይዘው ይሻላል። አብረሽው ከቆየሽም ጊዜው አላለፈም። በ3 ቀን፣ ቢዘገይ በ5 ቀን ውስጥ ክትባቱን ብትወስጂ በሽታውን ሊያስቀርልሽ ወይም ሊያቀልልሽ ይችላል።

እርጉዝ ከሆንሽ ክትባቱ አይሰጥሽም። ጉድፍ ግን ለአንቺም ለፅንሱም አደገኛ ነው፤ የሚከላከል ሌላ መርፌ ስላለ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂጂና «አና ሃሚል» (እርጉዝ ነኝ) በይ። ሳዑዲ ውስጥ ከጋብቻ ውጭ ማርገዝ በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል። የጋብቻ ማስረጃ ከሌለሽ መጀመሪያ ከምታምኚው ሰው ጋር ተመካከሪ፤ ግን ቀን አትግፊ።

ከወጣብሽ

ጉድፍ ከታመመ ሰው ጋር ከተገናኘሽ ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። ትኩሳትና ድካም ይመጣል፣ ከዚያ የሚያሳክክ ሽፍታ ይከተላል። አዲስ የወጣው፣ ውሃ የቋጠረውና የደረቀው በአንድ ጊዜ አብረው ይታያሉ።

• ዐርብን አትጠብቂ። አሲክሎቪር የሚባለው መድኃኒት ሽፍታው በወጣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር የተሻለ ይሠራል። ሸረፊያ ውስጥ የግል ክሊኒክ ብዙ ነው። በር ላይ «አንገዝ» ብለሽ ንገሪያቸው፤ ከሌላ ሕመምተኛ ጋር እንዳያስቀምጡሽ።
• ለትኩሳቱ ፓናዶል ውሰጂ። ለልጁ አስፕሪን በፍጹም አይሰጥም። ብሩፌንም ሐኪም ካላዘዘ ይቅር።
• ለማሳከኩ ካላሚን ቀቢ፣ ጥፍርሽን ቁረጪ። ለብ ባለ ውሃ መታጠብ አይጎዳም። ምች ነው ብለሽ ዳማ ከሴ አትቀቢበት።
• ሽፍታው ሁሉ ደርቆ ቅርፊት እስኪይዝ ከሰው ተለዪ። ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ይፈጃል። እህቶች ተሰብስበው የሚያድሩበት ክፍልም አትሂጂ፤ ከመካከላቸው እርጉዝ ልትኖር ትችላለች።

ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ፣ አንገትሽ ከደረቀ፣ ትውከት አልቆም ካለሽ ወይም ነገር ከተምታታብሽ በ997 አምቡላንስ ጥሪ፤ 911ም ይሠራል። ምክር ብቻ ከፈለግሽ የጤና ሚኒስቴር 937 ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው።

መብትሽ

የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ ሕክምና የማግኘት መብት ይሰጥሻል። የሐኪም ማስረጃ ካለሽም በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ይፈቅድልሻል። ስለዚህ ከክሊኒኩ ሳትወጪ «ተቅሪር ጢቢ» (የሐኪም ማስረጃ) ጠይቂ፣ በስልክሽ ፎቶ አንሺውና ለምታምኚው ሰው ላኪ። ለማዳምም ስትነግሪያት በልጆቿ በኩል ጀምሪ፦ «አሁን ምግብ ብሠራ፣ ሕፃኑን ባቅፍ ይተላለፋል፤ አንድ ሳምንት ልረፍ።» ካልሰማችሽና ሐኪም ጋ እንዳትሄጂ ከከለከለችሽ በ19911 ለሠራተኛ ሚኒስቴር ወይም ጅዳ ላለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደውለሽ አመልክቺ።

ኢቃማ የሌለሽ እህትም ፈርተሽ ቤት ውስጥ አትቅሪ። ትንፋሽ ማጠር አስቸኳይ ሕመም ነው፤ ሆስፒታል አስቸኳይ ሕመምተኛን ቅድሚያ ክፍያ ሳይጠይቅ የማከም ግዴታ አለበት።

ቤቱ ውስጥ ማንም ሳይታመም፣ ዛሬ ማታ አገር ቤት ስትደውዪ «ጉድፍ ወጥቶብኝ ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። ካልወጣብሽና እርጉዝ ካልሆንሽ ስለ ክትባቱ ክሊኒክ ጠይቂ፤ ሁለት ጊዜ ይሰጣል፣ በመካከሉ ቢያንስ 4 ሳምንት ይጠበቃል። ከተከተብሽ በኋላም ለአንድ ወር ከማርገዝ ተቆጠቢ።