የእሳት እራት ራሱ ምን ይበላል?

ዛፍ በከበባቸው እንደ እምድብር ባሉ ከተሞቻችን፣ ማታ መዳፍ የሚያህል ቢራቢሮ መሰል ፍጡር መብራት ተከትሎ ሲገባ ብዙዎቻችን መጥረጊያ እናነሳለን። አማርኛችን «የእሳት እራት» ይለዋል። ለመሆኑ እርሱ ራሱ ምን ይበላል?

ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች በስፋት የሚገኘውን፣ በሳይንስ ስሙ ቡኔያ አልሲኖይ የተባለውን ዝርያ እንመልከት። ክንፉ ሲዘረጋ እስከ 16 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በኋላ ክንፎቹ ላይ ያሉት ዓይን መሳይ ክቦች ጠላትን ያስደነግጣሉ። አይናደፍም፤ ልብስም አይበላም። እንዲያውም ምግብ የሚወስድበት አፍ የለውም! ጥቂት ቀናት የሚኖረው አባጨጓሬ ሳለ ባከማቸው ስብ ብቻ ነው። በነዚህ ቀናት ወንዱ ላባ በመሰለ አንቴናው የሴቷን ሽታ ከሩቅ ያነፈንፋል፤ እርሷም እንቁላሏን ቅጠል ላይ ትጥላለች። የሚፈለፈለው አባጨጓሬ የብሳና ወገን የሆኑትንና የሌሎችንም ዛፎች ቅጠል በልቶ ያድጋል፤ ከዚያም አፈር ውስጥ ገብቶ ይለወጣል።

እንግዲህ በጉራጌ ምድር አገር በቀሉ ዛፍ ቦታውን ለባሕር ዛፍ ሲለቅ የሚጠፋው ጥላ ብቻ አይደለም፤ የእንዲህ ዓይነት ፍጥረታት ማዕድም ጭምር ነው። ስለዚህ መጥረጊያ ከማንሳት መብራቱን ማጥፋት፣ በጀፎረው ዳር የቆመውንም ብሳና ከመጥረቢያ ማትረፍ ይበጃል።