የ1952ቱ የኤርትራ ምርጫና ጥምሩ መንግሥት

(በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኢጣሊያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተሸንፋ ከኤርትራ ከወጣችበት ከ1941 ጀምሮ፣ አገሪቱ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ቆየች። የወደፊት ዕጣዋ ብዙ ካከራከረ በኋላ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1950 ዓ.ም. መጨረሻ ኤርትራ የራሷ ምክር ቤትና አስተዳደር ኖሯት፣ በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር በፌዴሬሽን እንድትተሳሰር ወሰነ። ሕገ መንግሥቱን መርምሮ የሚያጸድቅ ምክር ቤት ግን አስቀድሞ መመረጥ ነበረበት።

ምርጫው በማርች 1952 ተካሄደ። የአስመራና የምጽዋ መራጮች ድምፃቸውን በቀጥታና በምስጢር ሰጡ። በሌላው ስፍራ ሕዝቡ በየመንደሩና በየነገዱ ተሰብስቦ ወኪሎችን መረጠ፤ እንደራሴዎቹን የመረጡት እነዚህ ወኪሎች ናቸው። ሴቶች ድምፅ የመስጠት መብት ስላልነበራቸው፣ የሕዝብ ድምፅ ተባለ እንጂ የግማሹ ድምፅ ነበር።

ከ68ቱ መቀመጫዎች የአንድነት ፓርቲ 32 አገኘ። የነፃነት ደጋፊዎች የተሰበሰቡበት ዴሞክራሲያዊ ግንባር 18 አገኘ። ልብ በሉ፤ 32 ከማንኛውም ወገን ይበልጣል፤ ከግማሽ ግን ያንሳል። ስለዚህ የአንድነት ፓርቲ መሪ ተድላ ባይሩ ሸሪክ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ሸሪኩም በሼክ ዓሊ ረዳኢ የሚመራው የምዕራብ አውራጃ እስላም ማኅበር ሆነ። ይህ ማኅበር ቀደም ሲል የምዕራቡ ቆላ ጉዳይ ለብቻው እንዲታይ ይጠይቅ የነበረ ነው። ደገኛውንና ቆለኛውን ያጣመራቸው የአሳብ አንድነት ሳይሆን የድምፅ ስሌት ነበር ለማለት ይቻላል።

ስሌቱ በሹመቱም ታየ። ምክር ቤቱ በኤፕሪል ሲከፈት ተድላ ፕሬዚዳንት፣ ዓሊ ረዳኢ ምክትል ሆኑ። ብዙ ካከራከሩት ጉዳዮች አንዱ የቋንቋ ጉዳይ ነበር፤ በጁላይ የጸደቀው ሕገ መንግሥት ትግርኛንና ዓረብኛን የሥራ ቋንቋ አደረገ። በኦገስት ተድላ የአስተዳደሩ የበላይ ሆነው ሲመረጡ፣ የምክር ቤቱ ወንበር ለዓሊ ረዳኢ ተለቀቀ።

ጥምረቱ ሦስት ዓመት ያህል ቆየ። በ1955 ሁለቱም ከሥልጣን ወረዱ። አስተዳደሩን አስፍሐ ወልደሚካኤል፣ ምክር ቤቱን ኢድሪስ ሙሐመድ አደም ተረከቡ። በ1960 ኢድሪስ በካይሮ የኤርትራ ነፃነት ግንባርን ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ። በ1962 ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፤ ምክር ቤቱም ተዘጋ። በ1967 ተድላ ባይሩ ራሳቸው ወደዚያው ግንባር ገቡ።

ጥያቄ፦ የአንድነት ፓርቲ 35 መቀመጫ ቢያገኝ ኖሮ ዓሊ ረዳኢ የምክር ቤቱን ወንበር የሚያገኙ ይመስላችኋልን? ምክንያታችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።