ስለ ፎቅ ደረጃ አለካክ

በጨፋ ሸለቆ በከሚሴ ከተማ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፥ ምድሩን ለሱቅ ፎቁን ለዕቃ ማከማቻ የሚያሠራ ነጋዴ ስለ ሲሚንቶውና ስለ ብረቱ ዋጋ አጥብቆ ይከራከራል፤ የደረጃውን ነገር ግን ለግንበኛው «በተረፈው ቦታ አድርገው» ብሎ ይተወዋል። ኋላ አንድ ኩንታል ማሽላ የተሸከመ ሰው እግሩን ሳያይ የሚወጣውና የሚወርደው በዚሁ በተረፈው ቦታ ነው።

በ17ኛው መቶ ዘመን የነበረው ፈረንሳዊ መሐንዲስ ፍራንሷ ብሎንዴል ያወጣው ደንብ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ይኸውም የአንዱ እርከን ከፍታ ሁለት ጊዜ ተወስዶ የመርገጫው ስፋት ሲጨመርበት፥ ድምሩ የአንድ ሰው እርምጃ ያህል፥ ማለት ከ60 እስከ 65 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት።

ለምሳሌ ከሱቁ ወለል እስከ ፎቁ ወለል 3 ሜትር ከ40 ቢሆን፥ 340 ለ20 ሲካፈል ለእያንዳንዱ እርከን 17 ሳንቲ ሜትር ይደርሰዋል። መርገጫው 29 ቢደረግ፥ 34ና 29 ተደምሮ 63 ስለሚሆን መልካም ነው። ደረጃው መካከሉ ላይ ማረፊያ ተደርጎለት ወደ ኋላ ቢዞር፥ በአንዱ ወገን የሚውሉት 9 መርገጫዎች 2 ሜትር ከ61 ይወስዳሉ፤ የማረፊያው 1 ሜትር ከ20 ሲታከል 3 ሜትር ከ81 ይሆናል። ቦታ ለመቆጠብ ሲል እርከኑን 14 ብቻ የሚያደርግ ሰው ግን ከፍታውን ከ24 ሳንቲ ሜትር በላይ ያደርሰዋል። ይህ መሰላል እንጂ ደረጃ አይባልም፤ ደንበኛም አይወጣበትም።

ከሁሉ የሚብሰው ስሕተት የሚመጣው ከንጣፉ ነው። ኮንክሪቱ እኩል በ17 ከፈሰሰ በኋላ፥ በላይኛውና በታችኛው ወለል ከነሲሚንቶው 5 ሳንቲ ሜትር፥ በመርገጫዎቹ ላይ ግን 2 ብቻ ቢነጠፍ፥ የታችኛው የመጀመሪያ እርከን 14፥ የላይኛው የመጨረሻ 20 ሆኖ ይቀራል። እግር የለመደውን ልክ ይጠብቃልና፥ የሚወጣው ሰው መጨረሻው እርከን ላይ ይደናቀፋል፤ የሚወርደውንም ምድሩ ሳያስበው ይቀድመዋል፤ ከነሸክሙ ይወድቃል።

ስለዚህ ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት የንጣፉ ውፍረት ይወሰን፤ ንጣፉ የሚያርፍበት ልክ ከላይም ከታችም በግድግዳው ላይ ይመልከት፤ ቁመቱም ከምልክት እስከ ምልክት ይለካ። ከላይ ባለው ምሳሌ፥ ሳንቃውን የሚመታው አናጢ የመጀመሪያውን ኮንክሪት 20፥ የመጨረሻውን 14 አድርጎ ቢሠራ፥ ንጣፉ ሲያልቅ ሁሉም 17 ይሆናል። አናጢው «ተሳስታችኋል» ብሎ መከራከሩ አይቀርም፤ ሒሳቡን በወረቀት ማሳየት ነው።

የእጅ መደገፊያው ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ከራስ በላይም ከ2 ሜትር ያላነሰ ክፍት ቦታ ይተው። የሚያብረቀርቀውን ሴራሚክ ለመርገጫ ባይገዙት እመርጣለሁ፤ በክረምት፥ ጫማው ጭቃ የነካው ገበያተኛ ሲመጣ ያንሸራትታል።